ልጄን ባለ አምስት ኮከብ ዴይኬር ያስገባሁ ጊዜ

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2016፣ መስከረም ወር መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ልጄ ናርዶስ ያኔ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር። እሷ ዛሬ ምንም አታስታውስም። እኔ ግን ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር በኩል በመኪና ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ "እስካሁን አልወጣልሽም?" ይለኛል። አልወጣልኝም። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የምሠራው ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ፍሮንት ዴስክ ላይ ነው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ቤታችን ከፌርፋክስ ጎዳና ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። ናርዶስን ከስምንት ወሯ ጀምሮ ይይዙልን የነበሩት እትዬ አስካለ የሚባሉ የሰፈራችን ሴት ናቸው።

እትዬ አስካለ አዲስ አበባ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዋዕለ ሕፃናት አስተምረዋል። እዚህ ከመጡ በኋላ አሻራ ሰጥተው፣ ቤታቸውን አስፈትሸው፣ ላይሰንስ አውጥተው ስድስት ሰባት ልጅ ይይዛሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ሶፋ የለም፤ ወለሉ በሙሉ የልጆች ነው። ጓሯቸው ጠባብ ናት፤ አንድ የሎሚ ዛፍና አንድ የአሸዋ ሳጥን አላት። ጠዋት ልጅ ስናደርስ በሩ ላይ ቆመው ግንባሩን ዳሰስ አድርገው ነው የሚቀበሉት። ትኩሳት ካለው ወዲያው ያውቃሉ። ልጅ አይቆጡም፤ የሚቆጡት እናትየዋን ነው። እኔን ብዙ ጊዜ ተቆጥተውኛል። ያለ ሹራብ ስላመጣኋት፣ ቁርስ ሳታበላ መኪና ውስጥ ብስኩት ስለሰጠኋት፣ ዘግይቼ ስለመጣሁ።

በዚያ ሰሞን የሕፃናት ማቆያዎችን በጥራት ደረጃ መመዘን ተጀምሮ ነበር። መዛኝ ትመጣና ቁጭ ብላ ታያለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ ከዚያ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣል። ውጤቱ ዌብሳይት ላይ ይወጣል፤ ወላጅ ገብቶ ያያል። መመዝገብ ግዴታ አልነበረም። እትዬ አስካለ ግን "ለልጆቹ መጽሐፍና መጫወቻ ያግዛሉ" ሲሏቸው ጊዜ ተመዘገቡ።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ፣ እሷም የትንሽ ልጅ እናት ናት፣ ዌብሳይቱን በስልኳ አሳየችኝ። የእትዬ አስካለን ስም አስገባሁ። ሁለት ኮከብ። ደነገጥኩ። ወዲያው ሚራክል ማይል ውስጥ ያለውን ትልቁን ዴይኬር አየሁ። አምስት። የዚያኑ ቀን የናርዶስን ስም ወረፋ ላይ አስመዘገብኩ።

ባለቤቴ አልተስማማም። "ልጅቷ ደስ ብሏት እየዋለች ኮከብ ምን ያደርግልሻል? ሆቴል አደረግሽው እንዴ?" አለኝ። እኔ ደግሞ ባለሙያ አይቶ የመሰከረውን አንተ ከታክሲህ ሆነህ ልትሽር ነው ወይ ብዬ ክፉ ነገር ተናገርኩት። ነሐሴ ላይ ቦታ ተገኘ ተብሎ ተደወለልኝ።

ለእትዬ አስካለ የነገርኳቸው ዓርብ ማታ ልወስዳት ስሄድ፣ ጫማዋን እያደረግሁላት፣ ቀና ሳልል ነው። ሰኞ አትመጣም አልኳቸው።

"ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ።

መናገር አፈርኩና ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ብዙ ጊዜ አዩት። "ይቺ የመዘነችኝ ሴትዮ እኮ አማርኛ አታውቅም" አሉ ቀስ ብለው። ሰበብ መሰለኝ። እኔ ለልጄ የሚሻለውን ነው የምፈልገው አልኳቸው። "ጥሩ" አሉና ጓዳ ገቡ። የናርዶስን ቅያሪ ልብሶች አንድ በአንድ አጣጥፈው በከረጢት አምጥተው ሰጡኝ።

አዲሱ ዴይኬር እንኳን ልጅ እኔም ልዋልበት ያሰኛል። መግቢያው መስታወት ላይ አምስቱ ኮከብ ተለጥፏል። መታጠቢያዎቹ በልጅ ቁመት ናቸው። መጫወቻዎቹ ሁሉ ፎቶ በተለጠፈበት ቅርጫት ውስጥ ናቸው። አሻንጉሊቶቹ ጥቁርም ነጭም ቢጫም አሉባቸው። ደግሞ አፕ አላቸው፤ ቀኑን ሙሉ ሪፖርት ይልካሉ። "ናርዶስ ዛሬ ሦስት ቅርጾችን ለየች።" "ናርዶስ ዛሬ ከጓደኛዋ ጋር ተራ ጠበቀች።" እኔ ያንን ለባልደረቦቼ አሳያለሁ። በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ሰው ግን የለም። ታብሌቱ ላይ ኮድ መትተህ ቼክ-ኢን አድርገህ ትገባለህ። ናርዶስ በየጠዋቱ ታለቅሳለች። ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል አሉኝ፤ አመንኳቸው።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ከአንድ አውሮፕላን የወረዱ ብዙ እንግዶች ተሰልፈዋል። ሥራ ላይ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ነው የማስቀምጠው። ሲርገበገብ ይሰማኛል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰልፉ ጋብ ሲል አየሁት። የማላውቀው ቁጥር ነው። መልእክት ተትቷል። በአማርኛ የሚናገር የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

"እህቴ፣ መኩሪያ እባላለሁ። አትደንግጪ። አንዲት ትንሽ ልጅ እኔ ጋ ናት፣ ደህና ናት። ናርዶስ ነኝ ትላለች። ልጅሽ ከሆነች ቶሎ ደውይልኝ።"

ደወልኩ። ሰውየው ወዲያው ስልኩን ለእሷ ሰጣት።

"ማሚ፣ ጫማዬ ጠፋ" አለችኝ።

ለማናጀሩ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላስታውስም። ሰውየው ያለበትን ቦታ ነገረኝ። ዊልሺር ጎዳና ላይ ካለ የቢሮ ሕንፃ ጀርባ ፓርኪንግ ላይ ነው የሚሠራው፤ ከዴይኬሩ ሁለት ብሎክ ነው። መኪና ውስጥ እንደገባሁ ዴይኬሩ ጋ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ሪሴፕሽኒስት ናት። ልጄ የት ናት አልኳት። ታብሌቷን ስትነካካ ይሰማኛል። ናርዶስ በጣም ደህና ናት፣ አሁን ክፍሏ ውስጥ ተረት እየሰማች ነው አለችኝ፤ ድምፅዋ ፈገግ ያለ ነው። በዓይንሽ አይተሻታል ወይ ስላት ቼክ-ኢን ሆናለች አለችኝ። ሂጂና በዓይንሽ እያት አልኳት። መስመር ላይ ቆዪ ብላ ሙዚቃ ከፈተችብኝ። ሙዚቃው እየተጫወተ ላ ሲየነጋ ጎዳናን ወደ ላይ ነዳሁ። ማንም ተመልሶ አላነጋገረኝም።

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ሳለሁ አፑ ጮኸ። አየሁት። "ናርዶስ በዛሬው የተረት ሰዓት ቁጭ ብላ በትኩረት አዳምጣለች" ይላል። ሰዓቱ ተጽፎበታል፤ አሥር ሰዓት ከሃምሳ፣ በፈረንጅ። ሰውየው መጀመሪያ የደወለልኝ አሥር ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠዋል። ኋላዬ ያለው መኪና ጥሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ መብራቱ መቀየሩን አላየሁም።

ስደርስ ናርዶስ የፓርኪንጉ ጎጆ ውስጥ፣ የሰውየው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላለች። ጃኬቱን አልብሷታል። አንድ እግሯ በካልሲ ነው። አቅፌያት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ሙዟን እንዳልጨፈልቅባት እጇን ወደ ላይ ይዛ ነበር።

ጋሼ መኩሪያ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከስድሳ ያለፉ ሰው ናቸው። የሆነውን የነገሩኝ ረጋ ብለው ነው። በመኪናዎቹ መካከል ብቻዋን ስትመጣ ያዩዋታል። አንድ ሰው መኪናውን ወደ ኋላ እያወጣ ነበር፤ በቁመቷ ሊያያት አይችልም። ጮኸው እየሮጡ የመኪናውን ጀርባ በእጃቸው መቱት። ባለመኪናው ፍሬን ያዘ። በመኪናውና በእሷ መካከል የነበረው ርቀት ይህን ያህል ነው ብለው በክንዳቸው አሳዩኝ። አንዲት ፈረንጅ ሴት ቆማ ስምሽ ማነው፣ እናትሽ የት ናት ብትላት በእንግሊዝኛ አልመለሰችም። ሴትየዋ ፖሊስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች። ያኔ ናርዶስ መዝፈን ጀመረች።

"ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ጀመረች" አሉኝ። "በአማርኛ፣ በዜማ፣ እያጨበጨበች። ሴትየዋ ምንድን ነው የምትለው አለችኝ። ስልክ ቁጥር ነው አልኳት። ሁለቴ አስዘፍኛት ጻፍኩት።"

ያ መዝሙር የእትዬ አስካለ ነው። እሳቸው ዘንድ የሚውል ልጅ ሁሉ ሁለት ዓመት ሲሞላው የእናቱን ስልክ ቁጥር በዜማ ይማራል። ለየልጁ ለየብቻ ያስይዙታል። ናርዶስ ገላዋን ስትታጠብ፣ መኪና ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር እየዘፈነችው ሰልችቶን ነበር።

ጋሼ መኩሪያ ይህንን ማን አስተማራት አሉኝ። ድሮ የምትውልበት ቤት ያሉ ሴትዮ ናቸው አልኳቸው። "ከዚያ ለምን አወጣሻት?" አሉኝ።

ልጄን ታቅፌ ወደ ዴይኬሩ ሄድኩ። ዳይሬክተሯና ሁለት አስተማሪዎች የመጫወቻ ግቢው ውስጥ ወዲህ ወዲያ ይሯሯጣሉ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። መጥፋቷን ያወቁት እኔ ደውዬ ሪሴፕሽኒስቷ ልታይ ስትገባ ነው። ለፖሊስ አልደወሉም። ለእኔም አልደወሉም። ልንደውልልሽ ነበር አሉኝ። እኔ ባልደውል ኖሮ ምሳ ሲቀርብ አንድ ሳህን ተርፎ ነበር የሚያውቁት። ሆኖ የተገኘው ነገር ቀላል ነው፤ ዕቃ ያመጣ ሰው በኋላ በር ገብቶ ሲወጣ መቀርቀሪያው አልያዘም። ልጆቹ ከግቢ ወደ ክፍል ሲመለሱ የቆጠራቸው የለም። ታብሌቱ ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስገባችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። በጣም እንዳዘነች፣ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው እንደማያውቅ፣ አጭር ክፍተት እንደነበረ ነገረችኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። "እኛ እኮ ባለ አምስት ኮከብ ነን።"

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ስልኬን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጬ ሁለቱን ሰዓት አሳየኋት። በማውቀው እንግሊዝኛ፣ ድምፄን ሳላነሳ፣ "ልጄን ኮከብ አይደለም የያዛት፤ ፓርኪንግ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው የያዟት" አልኳት። ተረት አዳምጣለች ብሎ የጻፈውን ሰው ጥሪልኝ አልኩ።

የመጣችው ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት የማይበልጣት ልጅ ናት። እያለቀሰች ነው የገባችው። ረዳቷ ቀርታባት ብቻዋን ነበረች። ምዘናው በሚቀጥለው ወር ስለሚታደስ የእያንዳንዱ ልጅ ማስታወሻ ሳይጎድል እንዲሞላ ታዝዛለች። ስለዚህ ጠዋት ቁጭ ብላ ለሁሉም ልጆች አንድ ላይ ጽፋ፣ በየሰዓቱ እንዲላክ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ልጆቹን ማየት ባለባት ጊዜ ልጆቹን እንዳየች የሚያስመስል ወረቀት ስትሞላ ነበር። አዘንኩላት። ይቅር ግን አላልኳትም። ዳይሬክተሯ ቀና ብላ አላየቻትም።

የናርዶስን ቦርሳ ይዤ ወጣሁ። አልተመለስንም።

ለማቆያዎች ፈቃድ ለሚሰጠው የላይሰንስ መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። መጥተው በሩን አዩ፣ ጥፋት ጻፉባቸው፣ መቀርቀሪያው ተቀየረ። ከዚያ ኮከብ ለሚሰጠው ክፍል ደወልኩ። አንድ ትሑት ሰውዬ አነጋገረኝ። የደኅንነት ጉዳይ የላይሰንስ ነው፣ እኛ የምንመዝነው ጥራትን ነው አለኝ። ደረጃው እስከሚቀጥለው ምዘና ድረስ ይቆያል።

"ልጅ መጥፋት ጥራት ውስጥ አይገባም?" አልኩት።

ስሜትሽን እረዳለሁ አለኝ። ኮከቦቹ መስታወቱ ላይ ነበሩ፤ ከአዲሱ ምዘና በኋላም፣ ከዓመት በኋላም ሳልፍ አይቻቸዋለሁ።

ያን ቅዳሜ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ደወሉን ለመጫን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ከፍተው ሲያዩኝ መጀመሪያ ዓይናቸው የሄደው ወደ ናርዶስ ነው። ግንባሯን ዳሰሱና "ከስታለች" አሉ። አስገቡን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። መኪናው ወደ ኋላ ሲወጣ የሚለው ላይ ስደርስ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ ተነሥተው ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አመጡ። ያ የሁለት ኮከቡ ሪፖርት ነው። ከመጣ ጀምሮ ሙሉውን አንብቦ የነገራቸው ሰው የለም፤ እስቲ ምን እንዳጠፋሁ አንብቢልኝ አሉኝ።

አነበብኩላቸው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በቂ አይደሉም ይላል። ልጆች እጃቸውን ሲታጠቡ ሃያ ሰከንድ አይሞላም ይላል። ትንንሾቹን በእጃቸው ያጎርሳሉ፣ ይህም ንጽሕናንና ራስን መቻልን ይቀንሳል ይላል። የአሥራ ዘጠኙ ዓመት ማስተማር ሰነዱ እዚህ አገር ስላልተገመገመ አልተቆጠረም። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ተንከባካቢዋ ከልጆቹ ጋር ትርጉም ያለው ውይይት ስታደርግ አልተሰማም" ይላል። እዚያ ቤት እኮ ወሬ ለአንድ ደቂቃ አይቆምም። እሳቸው ሽንኩርት ሲልጡ እንኳ ሽንኩርቱ ለምን እንደሚያስለቅስ ለልጆቹ ያብራራሉ። በአማርኛ ነው እንጂ።

ከገጹ ግርጌ አንድ ማስታወሻ አለ። ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። "ልጆቹ ትርጉማቸው የማይታወቅ ድምፆችን በጭብጨባ ደጋግመው ያዜማሉ፤ ለትምህርት ያለው ጥቅም ግልጽ አይደለም።"

ተረጎምኩላቸው።

"ስልካችሁን እኮ ነው" አሉ።

አለቀስኩ። አላባበሉኝም። ስጨርስ "ልጅቷን ሰኞ አምጪያት" አሉኝ። "አንቺን ግን ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።" እንዳሉትም አደረጉ። ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ናርዶስን ይቀበሉና እኔን እንደነገሩ ራሳቸውን ነቅንቀው በሩን ይዘጉታል። አንድ ቀን ለምን ያለ ሹራብ አመጣሻት ብለው ተቆጡኝ። ያን ዕለት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እፎይ አልኩ።

ባለቤቴና እኔ በስማቸው ደብዳቤ ጽፈን ነበር። አማርኛ የምታውቅ መዛኝ ትምጣና እንደገና ትያቸው ብለን። አማርኛ የሚያውቅ መዛኝ የለንም የሚል መልስ መጣ፤ በትሕትና የተጻፈ ነው። እትዬ አስካለ "መጽሐፉም መጫወቻውም ይቅርብኝ" ብለው ስማቸውን አስወጡ። አሁን ዌብሳይቱ ላይ ቦታቸው ባዶ ነው። ደረጃ ያልተሰጠው ይላል። አዲስ እናቶች ያንን ያዩና ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ጋሼ መኩሪያም ያን ቀን ጎጆውን ጥለው ስለሮጡ ከአለቃቸው ማስጠንቀቂያ እንደደረሳቸው የሰማሁት ብዙ ቆይቼ፣ ያውም ከሌላ ሰው ነው። እሳቸው ሳመሰግናቸው ትንፍሽ አላሉም።

ማቆያ መመዘኑን አልጠላም። ሕፃን የሚይዝን ሰው የሚያየው መኖር አለበት። የሚያናድደኝ ያልገባቸውን ነገር የለም ብለው መጻፋቸው፣ የሌለውን ደግሞ ስለተጻፈ ብቻ አለ ማለታቸው ነው። መዛኟ የልጆቹን ወሬ አልሰማችም፤ አስተማሪዋ የሌለችን ልጅ ተረት አሰማች። ሁለቱም ወረቀት ላይ ነጥብ ሆነ።

ግን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁባቸውን ቀናት ሳስብ፣ ብዙውን የተናደድኩት በመዛኟ ወይም በዳይሬክተሯ አልነበረም። መዛኟ ያንን ቤት ሦስት ሰዓት ነው ያየችው፤ ቋንቋውም የእሷ አይደለም። እኔ ወደ ሦስት ዓመት ጠዋትና ማታ ተመላልሼበታለሁ። ልጄ እየሳቀች ስትገባ፣ እየሳቀች ስትወጣ አይቻለሁ። የሚናገሩት በእናቴ ቋንቋ ነው። ያንን ሁሉ ትቼ ስልክ ላይ ሁለት ቢጫ ኮከብ ሳይ እጅ ሰጠሁ። በእነሱ ላይ ያለኝ ንዴት አንድ ቀን ይበርድ ይሆናል። በራሴ ላይ ያለኝ ግን እንዲበርድልኝም አልፈልግም።